ጋሽ ቀስታ እና የእናታቸው ብቸኛ ሥዕል

ደንበኞቻቸው «ጋሽ ቀስታ» እያሉ ይጠሯቸው የነበሩት የሥዕል ፍሬም ሠሪው አጎቴ፣ ከሥዕል መምህር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። እናታቸው እሳቸውን በወለዱ በሳምንቱ አረፉ። ፎቶግራፍ ተነሥተው አያውቁም ነበርና የቀረው መልካቸው አባታቸው በውሃ ቀለም ወረቀት ላይ የሣሏቸው አንድ ሥዕል ብቻ ነው። ታላቅ እህታቸው፣ ማለትም የእኔ እናት፣ የእናታቸውን ፊት ያስታውሳሉ፤ አጎቴ ግን የሚያውቁት ያንን ሥዕል ብቻ ነበር።

እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው፣ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ከአንድ ፍሬም ሠሪ ዘንድ ተቀጠሩ። እዚያ የተማሩት ነገር እንቅልፍ ነሳቸው፤ ርካሽ ካርቶን ውስጡ ባለው አሲድ ወረቀትን ቀስ በቀስ ይበላል፣ ፀሐይም ቀለም ታጠፋለች። የእናታቸው ሥዕል ደግሞ እንዲህ ባለ ካርቶን ላይ በሙጫ ተለጥፎ፣ ከሳሎኑ መስኮት ፊት ለፊት ተሰቅሎ ኖሯል። ጠርዙ ቡኒ ሆኗል፤ እናቴ «ሰማያዊ ነበር» የሚሉት ቀሚስም ገርጥቷል።

አባታቸው ካረፉ በኋላ አጎቴ ሥዕሉን አውርደው ካርቶኑን ከጀርባው በስስ ቢላ ይፍቁ ጀመር። እናቴ ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ቢላዋ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትንፋሻቸውን ይውጡ ነበር። እጅ ቢስት የሚተካ ነገር የለም። ሥራው ወራት ፈጀ።

አጎቴ በዚያው ዘመን፣ ፍሬም ሊያሠሩ መጥተው «ምነው ዘገየ?» ብለው ከተጨቃጨቋቸው ነርስ ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

በአጎቴና በእናቴ መካከል ጠብ የመጣው የሥዕሉ ጥገና ሲያልቅ ነው። አጎቴ አሲድ በሌለው ካርቶን ላይ፣ ከላይ በኩል በሁለት ስስ የወረቀት ቁራጮችና በስንዴ ስታርች ሙጫ ብቻ አንጠለጠሉት፤ መስታወቱም እንዳይነካው አራቁት። ከዚያ ጨለም ባለው ኮሪደር ሰቀሉት። እናቴ «አንዴ ጥብቅ አድርገህ ለጥፈህ አትገላገልም? ደግሞ እናቴን ኮሪደር ውስጥ ደበቅክብኝ!» ብለው አኮረፉ። ኩርፊያው ቀላል አልነበረም፤ ዓመታት አልፈው እኔ ስዳር እንኳ ሁለቱ የተቀመጡት በተለያየ ጠረጴዛ ነው።

በመጨረሻ፣ የአጎቴ ልጅ የተመረቀች ዕለት፣ ሁላችንም ቤታቸው ምሳ ላይ ሳለን የኮሪደሩ ሚስማር ተነቅሎ ሥዕሉ ወደቀ። የመስታወቱን ድምፅ ስንሰማ ክው አልን። እናቴ ቀድመው ደርሰው ፍሬሙን ሊያነሡ ሲሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ተሰምቶ የማያውቀው አጎቴ «እትዬ፣ እጅሽን አንሺ!» ብለው ጮኹ። ተንበርክከው ስባሪውን አንድ በአንድ ለቀሙ። ፍሬሙን ሲከፍቱ ሁለቱ የወረቀት ቁራጮች ተቀድደዋል፤ ሥዕሉ ግን ወደ ታች ከመንሸራተት በቀር ምንም አልሆነም።

«ቁራጮቹን ደካማ ያደረግኳቸው ለዚህ ነበር» አሉ አጎቴ። «መቀደድ ካለ እነሱ ይቀደዱ ብዬ። ጥብቅ ብላ ተለጥፋ ቢሆን የምትቀደደው እሷ ነበረች።»

እናቴ ወለሉ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ኩርፊያውም በዚያው አበቃ።

ባለፈው ዓመት አጎቴ የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። የኮሪደሩ ግድግዳ እርጥበት ጀምሮት ስለነበር አልጋ ላይ ሆነው የሚጨነቁት ለሥዕሉ ነበር። ወደ ደረቁ ግድግዳ ያዛወሩት እናቴ ናቸው፤ ጓንት አጥልቀው፣ አጎቴም ከመኝታ ክፍል «ቀስ! ቀስ!» እያሉ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሐሙስ ማለዳ በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተዋል። በጣም ይናፍቁናል።

ዛሬ ሥዕሉን እዚህ ቀብራቸው ላይ አምጥተን አጠገባቸው ልናቆመው አስበን ነበር። እናቴ «እዚህ ፀሐይ ላይ? አብዳችኋል?» ብለው ከለከሉን። ማየት የምትፈልጉ ቤት ኑ፤ እናቴ ይከፍቱላችኋል።

ፊታቸውን በሥዕል ብቻ ካወቋቸው እናታቸው ጋር ፈጣሪ ፊት ለፊት ያገናኛቸው። ነፍሳቸው በሰላም ትረፍ።