የመጀመሪያውን ድምፅ አሰማሁ ያሉት ዳይሬክተር ይጫወቱልኝ

ለከተማው ባህልና ኪነ ጥበብ ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኞ፣ ለበዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው

ጉዳዩ፦ በዓለም ሙዚቃ ፌስቲቫል ሃያ አምስተኛ ዓመት በዓል ላይ ለዳይሬክተሩ ሊሰጥ የታሰበው «የመጀመሪያው ድምፅ» ሜዳሊያ እንዳይሰረዝ፣ ከመሰጠቱ በፊት ግን ዳይሬክተሩ በሕዝብ ፊት አኮርዲዮን እንዲጫወቱ እንዲታዘዝልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የፌስቲቫሉን መጋረጃ የምሰፋ፣ በመክፈቻው ቀንም ገመዱን ይዤ የምከፍትና የምዘጋ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከመድረኩ ጀርባ፣ ከመብራት ቆጣሪው አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። ባለፈው ዓመት ንግግር ሊያደርጉ ሲሉ የኮትዎ ቁልፍ ተበጥሶ ቆመው ሳሉ የተከልኩልዎ እኔ ነኝ። ይህን የማነሳው ውለታ ለመቁጠር ሳይሆን እንዲያስታውሱኝ ነው።

2. ታላቅ ወንድሜ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ወናፉ» የሚለው፣ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር። ቅጽል ስሙን ያገኘው ከመሣሪያው ነው፤ አኮርዲዮን ወናፉ ሲሳብና ሲገፋ ነው የሚዘፍነው። ሚስት አላገባም፣ ልጅም የለው። አሁን የሚኖረው ከእኔ ጋር፣ ከሱቁ ጓዳ ባለው አልጋ ላይ ነው።

3. በመጀመሪያው ፌስቲቫል የሆነውን ልንገርዎ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ዝናቡ ዶፍ ሆነ፣ መብራት ጠፋ፣ ማይኩ ሁሉ ዝም አለ። ሕዝቡ የፕላስቲክ ወንበሩን ራሱ ላይ ደፍቶ መበተን ጀመረ። የዛሬው ዳይሬክተር ያኔ የመድረክ አስተዋዋቂ ነበሩ። ሥራቸው ሕዝቡን ማረጋጋት ነበር። እሳቸው ግን ዕቃ ጫኙ መኪና ጋቢና ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዘጉ። እንግዶቹ ያመጧቸውን ከበሮዎች የማለብስበት ሸራ ልጠይቅ መስኮቱን ባንኳኳ፣ በመስታወቱ ውስጥ እጃቸውን አወናጨፉብኝ። ሸራውን አውርዶ የሰጠኝ ሹፌሩ ነው። «እሱን ተይው፣ ጫማው እንዳይርስበት ነው» አለኝ።

4. ወንድሜ በፕሮግራሙ ውስጥ አልነበረም። አንዱ ቡድን ወርዶ ሌላው እስኪወጣ ክፍተት እንዲሞላ ነበር የተጠራው። ማንም ሳያዘው ወጣ፤ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጠና አንድ ረጅም፣ ወፍራም ድምፅ ያዘ። ዜማ እንኳ አልነበረም። ሰው ዞር አለ። ከባሕር ማዶ የመጡት ከበሮ መቺዎች ቋንቋችንን አያውቁም፣ እሱም የነሱን አያውቅም፤ ግን በከበሯቸው ከድምፁ ሥር ገቡለት። ቀጥላ አንዲት ዋሽንት ነፊ ገባች፤ ከዚያ የቀረው ሁሉ የያዘውን ይዞ ተከተለ። ሕዝቡም ወንበሩን ከራሱ ላይ አውርዶ ተቀመጠበት። እኔ እርጥብ መጋረጃ ተጠቅልዬ አለቀስኩ።

ፌስቲቫሉ ያለ ማይክ፣ በአንድ የአኮርዲዮን ድምፅ የሚከፈተው፣ እንግዶቹም አንድ በአንድ ከሥሩ የሚገቡት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ክቡርነትዎ በየዓመቱ ቆመው የሚያጨበጭቡለት ልማድ የወንድሜ ነው።

5. ከጥቂት ዓመታት በፊት ስትሮክ የወንድሜን ግራ ጎን ያዘው። ወናፉን የሚስበው እጅ ግራው ነውና አኮርዲዮኑ ከአልጋው ሥር ገባ። ከዚያ ወዲህ መክፈቻው ላይ የሚሰማው የተቀዳ ድምፅ ነው። የተቀዳውም የእሱ ነው። አንድም ሰው መጥቶ አልጠየቀውም። እሱም አልተቀየመም፤ መቀየም ያለበትን ሁሉ ለእኔ ትቶልኛል።

6. ባለፈው ወር ዳይሬክተሩ በሬዲዮ ቀርበው የበዓሉን ዝግጅት ሲያስረዱ፣ «በዚያ ዝናብ ሁሉም ሲሸሽ አኮርዲዮኔን አንስቼ የመጀመሪያውን ድምፅ ያሰማሁት እኔ ነበርኩ» አሉ። ምሳ እየበላን ነበር። ወንድሜ ማንኪያውን አስቀመጠና እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ፣ «ታዲያ ደህና ተጫውቷል?» አለኝ። እሱ ይስቃል፤ የእኔ አንጀት ግን አረረ።

7. በማግስቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ «እናቴ፣ የበዓሉን ትኬት ፈልገው ከሆነ በታችኛው መስኮት ነው» አለችኝ። በሩን ገፍቼ ገባሁ። ዳይሬክተሩ ከወንበሩ አልተነሳም። (ይቅርታ፣ አልተነሱም።) የመጣሁበትን ስነግራቸው ፈገግ ብለው፣ «እትዬ፣ ታሪክ እኮ የሁላችንም ነው» አሉኝ። የሁላችንም ከሆነ ሜዳሊያው ስለምን በእሳቸው አንገት ብቻ እንደሚንጠለጠል ጠየቅኋቸው። ስልክ አነሱ። ስልኩ አልጠራም ነበር።

8. ከዚያ ስወጣ ነው አደባባዩ ላይ የተሰቀለውን ትልቁን የበዓሉን ፖስተር ያየሁት። ዳይሬክተሩ አኮርዲዮን ታቅፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በስሜት ተውጠው ይታያሉ። መሣሪያው የተገለበጠ ነው። ነጭና ጥቁሩ ቁልፎች መሆን ያለባቸው በተጫዋቹ ቀኝ በኩል ነው፤ በእሳቸው ላይ በግራ ናቸው። ፎቶ አንሺው አላየም፣ ፖስተሩን ያጸደቀውም አላየም። እኔ መንገድ መሃል ቆሜ እስኪያስለኝ ሳቅሁ። ያን ዕለት ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው የነበረውን ነገር ላለመተው ወሰንኩ።

9. በዚህ መሠረት ክቡርነትዎን የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ሜዳሊያው ይሰረዝ አልልም። እንዲያውም ይሰጥ፤ ጥብጣቡን ራሴ እሰፋለሁ፣ ያውም በነጻ። ብቻ ከመሰጠቱ በፊት ዳይሬክተሩ ያን ቀን አደረግሁ ያሉትን ይድገሙት። የተቀዳው ድምፅ ይቅር፣ ማይክ አይኑር፣ በልማዱ መሠረት እሳቸው ይጀምሩና እንግዶቹ ከሥራቸው ይግቡላቸው።

የሚጫወቱበት አኮርዲዮንም ያው የዚያን ቀኑ ይሁን። ከአልጋ ሥር አውጥቼ፣ ወልውዬ፣ እኔው ራሴ አመጣዋለሁ። ወናፉ ከዚያ ቀን በፊት ተቀዶ በተረፈ የመጋረጃ ከፈይ የጠገንኩት ስለሆነ፣ ሲገፋ በግራ ጉልበት ካልተደገፈ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያፏጫል። ያን ቀን የተጫወተው ሰው ይህን ያውቃልና ዳይሬክተሩ ማሳሰቢያ አያስፈልጋቸውም። በዚህ ጽሑፌም ያነበቡትን እንዳይነግሯቸው ክቡርነትዎን አደራ እላለሁ።

ፖስተሩ እንዳለ ይቆይ። አንድ አስተዋይ ሠራተኛ ቢገኝና ላስተካክለው ቢል ይከልከልልኝ።

ሹፌሩ በሕይወት አለ፤ ጡረታ ወጥቶ ከሴት ልጁ ጋር ይኖራል። በክብር ተጠርቶ ዳይሬክተሩ በደንብ በሚያዩት ቦታ ይቀመጥ። ምስክርነት እንዲሰጥ አልጠይቅም። ቁጭ ብሎ ቢያያቸው ይበቃኛል።

10. ይህን ማመልከቻ ያነበበ ሁሉ «ሴትዮዋ ቂመኛ ናት» ይላል። ነኝ። ስሰፋ የምውለው ሴት ነኝ፣ ቂምም እንደ ክር ነው፤ በእጄ ሲቆይ አይጠፋብኝም። ይቅርታ ይጠይቁ ብልም ይጠይቁ ነበር፤ ለይቅርታ የሚሆን አፍ አላቸው። በበዓሉ ቀን አንጀቴ ቅቤ እንዲጠጣ እፈልጋለሁ። ለራሴ ወንበር አልፈልግም፣ ቦታዬ ገመዱ ጋ ነው። ዳይሬክተሩ አቃተኝ ብለው ወደ ጎን ቢያዩ መጋረጃውን እንድዘጋላቸው ምልክት እንደሚሰጡኝ አውቃለሁ። እንደማልዘጋው ከአሁኑ በጽሑፍ ለቢሮው አስታውቄያለሁ።

11. የመጨረሻው ጥያቄዬ ስለ ወንድሜ ወንበር ነው። ትናንት ይህን ጽፌ አነበብኩለት። አዳመጠኝና ቀኝ እጁን ብርድ ልብሱ ላይ አድርጎ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። «ሰውየውን አታዋርጂው፣ እባክሽ» አለኝ። «ቢያቅተው ወጣ እልና አጠገቡ እቀመጣለሁ። እሱ ወናፉን ይሳብ፣ እኔ በቀኜ ቁልፉን እነካለታለሁ። ለሁለት አንድ ድምፅ አያቅተንም።» ስቄ ላልፈው ፈለግሁ፤ አልቻልኩም፣ ተነስቼ ወደ ሱቁ ወጣሁ።

ስለዚህ የወንድሜ ወንበር የፊት ረድፍ ላይ ይሁንልኝ፤ ጆሮው ደህና ነው፣ ሁሉንም መስማት አለበት። ነገር ግን ከመድረኩ ደረጃ የራቀ ይሁን፣ ግራና ቀኙም ሰው ይቀመጥ። ወንድሜን አውቀዋለሁ። እግሩን እየጎተተም ቢሆን ተነስቶ ዳይሬክተሩን ሊረዳ ይሄዳል።

ከሰላምታ ጋር፣ ካልበረደ ቂሜም ጋር

(ፊርማ)
የፌስቲቫሉ መጋረጃ ሰፊ
የጋሽ ወናፉ ታናሽ እህት

ግልባጭ፦
ለዳይሬክተሩ (ከተራ ቁጥር 8 እና 9 የፖስተሩና የወናፉ ነገር በመቀስ ተቆርጦ)፣ ልምምድ እንዲጀምሩ