የሙሉ ሸክላ በእኔ ስልክ

ጥቅምት 13

መርሳ ከተማ፣ ሱቄ። ሥራው ቀዝቅዟል። ባልዲና ጀሪካኑን ፊቴ ደርድሬ ስልኬን ስነካካ ዋልኩ። ትናንት ግራና ገበያ ካነሳኋቸው ፎቶዎች የአንድ ጋን ብቻ አርባ አንድ ነው። ሃፍታይ ቆጠራቸው። በሃያ አምስት ዓመት ትዳር እኔን አርባ ጊዜ አላየሽኝም አለ። ባሌ ሲቀልድ ፊቱ አይፈታም፤ የማያውቀው ሰው የተጣላን ይመስለዋል። ደግሞ ጨመረልኝ... «ላስቲክ ሸጠሽ ትበያለሽ፣ ሸክላ ታነሻለሽ። ላስቲኩ ቢሰማ ይቀየምሻል።»

ለምን ሸክላ? እኔም እንጃ። ሰው ላንሳህ ሲሉት ይንጠራራል፣ ከንፈሩን ይነክሳል፣ አጥፊው ወፍሬያለሁ ይላል። ሸክላ ዝም ብሎ ይቆማል። በተለይ የዚያች ከዋርካው ሥር የምትቀመጠው ሴትዮ ሸክላ... ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው ሆዱ እንደ ሰው ገላ ያበራል።

ጥቅምት 20

ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ዛሬ ገና ስም ተለዋወጥን። ሙሉ ትባላለች። ሦስት ወር ሙሉ ሸክላዋን ሳነሳ ስሟን አለመጠየቄ! አፈርኩ።

ሸክላውን እንደልብሽ አለችኝ። «እኔን ግን እንዳታነሺኝ፣ እታለም። እጄንም ቢሆን።»

ነገሩን ቀስ እያለች አወጣችው። ልጇ ኤደን ወልድያ መድኃኒት ቤት ተቀጥራለች። ለጥር ቢኒያም የሚባል ልጅ ሊያገባት ነው። ለወገኖቹ እናቷ እህል ነጋዴ ናት ተብሏል፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ አያገቡም። ሽማግሌ የተቀበሉት ወልድያ ዘመድ ቤት ነው፤ የልጁም እናት መጥታ ነበር። ሙሉ ጥፍሯ ሥር የገባውን አፈር በሎሚ ስትፈትግ አድራ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስለ ማሽላ ስታወራ ዋለች። የቢኒያም ወገኖች ግራና ገበያ አይወርዱም፤ እሱን ተማምና።

በዚህ ዘመን ማን ይህን ያያል ልላት ጀመርኩና ተውኩት። እኔ ልላት ነው? ከዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ወዲህ ምሉእ ነኝ ስል የሰው ዓይን ሲጠብ የማውቀው፣ ተወልጄ ባደግኩበት አገር «ትውልድሽ ከየት ነው» የምባለው...

በሚካኤል ማልኩላት። አላነሳሽም አልኳት።

ኅዳር 2

ፍፁም ለላክሁለት የሸክላ ፎቶ መለሰልኝ። ወልድያ ፎቶ ቤት አለው፤ የእኛን የጀማሪዎች የቴሌግራም ቡድን የሚመራውም እሱ ነው። ብርሃኑ ግሩም፣ ድስቱ ግሩም ይላል። «ግን እትዬ ምሉእ፣ ሰው የለበትም። ድስት ብቻውን ምን ያወራል?»

ሌሎቹ አውራ ጣት ደረደሩለት። ተናደድኩ። ምን ያወራል? ለእኔ ያወራል።

ለገና አዳራሽ ተከራይተው ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጁ ነው። ከሁላችን ፎቶ ይመረጣል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ውጤት ወዲህ ስሜ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አያውቅም።

ኅዳር 11

ሙሉ ቤት ዋልኩ። ሸክላ ስትተኩስ እንዳይ ጠርታኝ። ኩበቱ ነዶ ሲያልቅ ድስቶቹ እንደ ፍም ቀልተው ወጡ። ቅጠል እየከመረችባቸው በጭሱ አጠቆረቻቸው። አምስት ተሰነጠቁ። አንዱን አንስታ «ይሄ እንደ ባሌ ነው፣ እሳት ሲነካው ይጮሃል» አለችና ሳቀች። ሟች ባሏን ነው።

ምሳ አቀረበች። ጎረቤቶቿ ከቤቷ ውሃ እንኳ እንደማይጠጡ ነግራኛለች። ገበታው ላይ እጄ ዘገየ። አንዴ ብቻ፣ ጥቂት... ከዚያ በላሁ። ጠግቤ በላሁ። ግን አይታኛለች። ወጥ ጨመረችልኝ።

ከምን ጊዜ ጀምሮ ነው ይህ ነገር እኔም ውስጥ ያለው?

ኅዳር 25

ግራና። አንዲት ገዢ ድስት መረጠች። በጣቷ ቆረቆረችው፣ ድምፁን አዳመጠች፣ አላመነችም። ውሃ አድርጊበትና ልየው አለች። ሙሉ ሞላችበትና ያፈስ እንደሆነ ለማየት ጎንበስ ብላ ጠበቀች። እኔ ከማዶ ቆሜያለሁ። ድስቱ ጥቁር፣ ውሃው ጸጥ ያለ፣ ሰማዩ ውስጡ ገብቶ... ስልኬን አነሳሁ።

ቤት ገብቼ ፎቶውን አሰፋሁት። ውሃው ውስጥ ሙሉ አለች። ቅንድቧ፣ ላብ ያረፈበት ግንባሯ፣ የአንገቷ ንቅሳት ሳይቀር። እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ሃፍታይ አየው። አልቀለደም። ሴትዮዋ ታውቃለች ወይ ብቻ አለኝ።

ስልኩን አጠፋሁ።

ኅዳር 30

ለፍፁም ላክሁት።

ፊቷን አይደለም እኮ ያነሳሁት፣ ውሃ ነው። ድስት ነው። ማን አጎንብሶ ድስት ውስጥ ያያል?

ታኅሣሥ 24

ወልድያ። አዳራሹ በር ላይ ቆሜ የማደርገው ጠፋኝ። ፊት ለፊት የእኔ ተሰቅሏል። የጠረጴዛ ያህል አድርገው አትመውታል። ስልኬ ላይ አውራ ጣት የምታህል ፊት እዚያ ላይ የእውነት ሰው ፊት አክላለች። ሥሩ በትልቁ ተጽፏል፦ «ሸክላ ሠሪዋ፣ ግራና። ፎቶ በምሉእ ወልደኪዳን»።

አውርዱት ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ሽማግሌ መጡና እጄን ጨብጠው፣ ልጄ እግዜር ዓይንሽን ይባርከው አሉኝ። ስሜን አንብበዋል፤ ትውልድሽ ከየት ነው አላሉኝም። ከዚያ ሌላ መጣ፣ ሌላ መጣ... ሁለት ሰዓት ሥሩ ቆሜ ከሰው ጋር ፎቶ ስነሳ ቆየሁ።

አውርዱት አላልኩም።

ጥር 4

ሙሉ ባለፈው ሳምንትም ዛሬም ገበያ አልወጣችም። ከዋርካው ሥር ሌላ ሰው ሽንኩርት ዘርግቷል። ቤቷ ልሂድ? አልሄድኩም። ጉንፋን ይሆናል።

ጥር 9

ኤደን ሱቅ መጣች። አይቻት አላውቅም፤ ግንባሯን ሳይ አወቅኳት። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

የቢኒያም እናት ኤግዚቢሽኑን ልታይ ገብታለች። ንቅሳቱን አወቀችው። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ጊዜው አልተመቸንም ብለው ላኩ። ሌላ ቃል የለም። ቢኒያም ስልክ አያነሳም። መድኃኒት ቤት አብራት የምትሠራው ልጅ ምሳዋን ለብቻዋ መብላት ጀምራለች። ይህን ሁሉ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ እንደ መድኃኒት አወሳሰድ ነገረችኝ።

ከዚያ ጠየቀችኝ። «እትዬ ምሉእ፣ ከመላክዎ በፊት ፊቷን አይተው ነበር?»

«አላየሁም» አልኩ።

ስልክ ላይ ትንሽ ነው፣ ዓይኔም ደክሟል አልኩ። መነጽር የለኝም አልኩ። ሃፍታይ ከጓሮ ይሰማል።

ራሷን ነቀነቀች። እናቴም ይህንኑ ነው የምትለው አለችኝ፤ ምሉእ ብታይ ኖሮ አትልከውም ትላለች። ለምን እንደመጣሁ አላውቅም ብላ ወጣች።

ሃፍታይ ማታ እራቱን ለብቻው በላ።

የካቲት 1

ኤደን ሥራዋን ለቃ ደሴ ገብታለች አሉ። ይህን ሰምቼ ነው ዛሬ እግሬን ጎትቼ ግራና የሄድኩት።

ሙሉ ወጥታለች። ሽንኩርቱ ተነስቶ ሸክላዋ ተደርድሯል። ከፊቷ የፍፁም ቡድን ልጆች፣ ሦስት ሆነው፣ ሁለቱ ትልልቅ ካሜራ ይዘው። ወደዚህ፣ እማዬ፣ እጅዎን ድስቱ ላይ፣ ይሏታል። ያሏትን ታደርጋለች። አፈሩ ጥፍሯ ሥር እንዳለ ነው።

አየችኝ። «ተራሽን ጠብቂ፣ እታለም። ዛሬ ሁሉም ያነሳኛል» አለች። ልጆቹ ሳቁ፤ ቀልድ መሰላቸው።

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ዋሽቻለሁ አልኳት። አይቼው ነበር፣ አስፍቼ አይቼው ነበር፣ ለኤደን አላየሁም አልኳት...

አላስጨረሰችኝም። «አውቃለሁ። ያን ቀን ስልክሽን ስታነሺ ውሃው ውስጥ አንቺም ነበርሽ። ፊቴ እንደገባ አውቄያለሁ። ምሉእ ናት፣ ማላልኛለች፣ ቤቷ ስትገባ ታጠፋዋለች ብዬ ዝም አልኩ።»

ታዲያ ለልጅሽ ምሉእ አላየችም ለምን አልሻት? አልኳት።

ድስቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ሁሉም አውቆ የበደላት እንዳይመስላት።»

አንዱ ልጅ፣ እማዬ ወደዚህ አላት። ፊቷን ከእኔ መልሳ ለካሜራው ቀና አለች።