ሸክላ አይተኮስም

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን

ይድረስ ለልጄ እናት፣

ጤናሽን በልጃችን በኩል እሰማለሁ። ከሌላ ሰው አፍ የሚሰማ ጤና ግን እንደ ተዋሱት ኮት ነው፤ ትከሻ ላይ በደንብ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ራስሽ ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል። የእህትሽ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? ስለ እኔ ብትጠይቂ ጨው ቀንሻለሁ። የኩሽናው ቧንቧ አሁንም ይንጠባጠባል። ከላውንደሪው ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ግን እጄ አሁንም ካውያ ይፈልጋል።

ወረቀትሽ ደርሶኛል። ሁለት መስመር ናት። ለቆጣሪ አንባቢው በር ላይ ትለጥፊለት የነበረው እንኳ ከዚህ ይረዝም ነበር። «ሸክላዎቼንና ማጫወቻውን ለሾፌሩ ስጥልኝ። ሌላ የቀረኝ ዕቃ የለም።» ከእናንተ ከተማ ዕቃ የሚያመላልሰው ሾፌር ሦስት ቅዳሜ እየመጣ «አልታሸገም» ብዬ የመለስኩት ከስንፍና አይደለም። ሁለተኛዋ መስመር ናት እጄን የያዘችኝ። ለአንድ ወር ብለሽ ወደ እህትሽ ከሄድሽ ሁለት ዓመት ሞላ። እኔ ግን ዕቃዋን ትታ የሄደች ሴት አንድ ቀን ትመለሳለች እያልኩ ራሴን ስደልል ከረምኩ። እነዚህ ሸክላዎች ከሄዱ ምን ብዬ እደልላለሁ?

ለማንኛውም ላሽግ ብዬ ተነሣሁ። ካርቶን ፍለጋ ከጫማ ጠጋኞቹ ጀርባ ወዳለው ሸክላ ሻጭ ሄድኩ። ሽማግሌ ነው፤ አንድ መነጽር ዓይኑ ላይ፣ አንድ መነጽር ግንባሩ ላይ ያደርጋል። ባለሁለት መነጽሩ ብዬዋለሁ።

«ሸክላዎቹ ይጫወታሉ?» አለኝ።

«አላውቅም። የባለቤቴ ናቸው።»

«ስንት ዓመት በቤትዎ ኖሩ?»

«ሠላሳ አንድ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እንግዲያው ሳይልኩ በፊት አንድ በአንድ ያጫውቷቸው። አለዚያ የተበላሸ ቢገኝ መንገዱ ነው ያበላሸው ወይስ እርስዎ? በምን ይታወቃል?»

እውነቱን ነው አልኩና በስልሳ አራት ዓመቴ ተማሪ ሆንኩ። መጀመሪያ የተማርኩት አያያዝ ነው። ለካ ሸክላ ጠርዙን በሁለት መዳፍ ነው የሚያዘው፤ እኔ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ በጣቶቼ ጨብጬ ላቤን ሁሉ አትሜበት ነበር። ቀጥሎ የጠረጴዛው ተራ ሆነ። ማጫወቻው ዘመም ካለ መርፌውን የያዘው ክንድ ወደ አንድ በኩል ይጎተታል አለኝ ባለሁለት መነጽሩ፤ ከጎረቤታችን ከግንበኛው ውሃ ልክ ተውሼ ከአንዱ እግር ሥር ካርቶን አጣጥፌ ከተትኩ። ቺንጋው፣ ሸክላውን የሚያዞረው ያ ቀጭን ጎማ፣ እንደ ማስቲካ ላልቶ ነበርና አዲስ ገዛሁለት። መርፌውንም አስቀየርኩ። ከዚያ የመጀመሪያውን ሸክላ ባስቀምጥ ዘፋኙ አውቶቡስ እንዳያመልጠው እንደሚሮጥ ሰው ቃላቱን እየዋጠ ይጮኻል! ቺንጋው ነው ብዬ ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ ተራገምኩ። በኋላ ለልጃችን ደውዬ በስልክ ባሰማት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አባዬ፣ ፍጥነቱን አርባ አምስት ላይ አድርገኸዋል እኮ! ወደ ሠላሳ ሦስት መልሰው።» መለስኩት፤ ሰውዬውም ተረጋጋ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከምሳ በኋላ የአንድ ሸክላ አንድ ፊት አደምጣለሁ። ሬዲዮ ቢሆን ከፍተሽው ሌላ ሥራ ትሠሪያለሽ። ይሄ ግን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ገልብጠኝ ይላልና አጠገቡ መቀመጥ ግድ ነው። ከሙዚቃ ጋር መቀመጥ ብቻውን ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱም አሳፈረኝ።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ሌላ ነው። በየሸክላው የውስጥ ወረቀት ላይ በእርሳስ የጻፍሻቸውን አገኘሁ። ያደመጥሽበትን ቀን ትጽፊ ኖሯል። «ዝናብ።» «ልጅቷ ተኝታ።» «ራስ ምታት፣ ግን ተሻለኝ።» ከሁሉም የበዛው «እሱ ሥራ ነው» የሚለው ነው። እኔ ቤት የሆንኩበትን ቀን ፈልጌ ሁሉንም ወረቀት አገላበጥኩ። አንድም የለም።

አሁን ወደማልወደው ወሬ ልግባ፤ ሳዟዙረው ቆየሁ። ትንሿ ሸክላ ተበላሽታለች። የፋብሪካችሁ የሙዚቃ ቡድን ያስቀረጻት፣ አንቺ መሃል ላይ ብቻሽን የምትዘፍኚባት። ያበላሸኋት እኔ ነኝ።

አንቺ ሸክላዎቹን እንደ መጽሐፍ አቁመሽ ነበር የምትደረድሪያቸው። እኔ ግን አርባ ዓመት ልብስ የተኮስኩ ሰው ነኝ፤ በእኔ ቤት ዕቃ ሁሉ ተጋድሞ ይደራረባል። እንደሄድሽ ሥርዓት ላስይዝ ብዬ መስኮቱ ሥር እንደ አንሶላ ቆለልኳቸው። ያቺ ትንሿ ከላይ ሆና ሁለት በጋ ሙሉ ፀሐይ መታት፤ ጎበጠች።

ሳጫውታት መርፌው ወጣ ገባ መንገድ ላይ እንዳለ ጋሪ ይነሣል፣ ይወርዳል። ግን ይጫወታል። ወንዶቹ ዘፍነው ይጨርሳሉ፣ መሣሪያው ዝቅ ይላል፣ አንቺ ትንፋሽሽን ስትስቢ ይሰማል። ትንፋሽሽ መሆኑን በምን አወቅህ አትበይኝ፤ ሠላሳ ዓመት አጠገቡ የተኛሁት ትንፋሽ ነው። ልክ እዚያ ላይ መርፌው ይዘላል፤ ሲያርፍ ጭብጨባው ጋ ደርሷል። ደጋገምኩት። አሥራ አንድ ጊዜ ትንፋሽሽን ሰማሁ፤ አሥራ አንድ ጊዜም ዘለለ።

ባለሁለት መነጽሩን መጠየቅ ነበረብኝ። እሑድ ነበር፤ ሱቁ ዝግ ነው፤ እኔም እስከ ሰኞ መታገሥ አቃተኝ። እጄ ደግሞ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ የጎበጠውን ማቅናት። ካውያውን ለሐር በሚሆን ለዘብ ባለ ሙቀት ላይ አደረግኩ። እርጥብ ጥጥ ጨርቅ ከሥርም ከላይም አነጠፍኩ። ጫን ሳልል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ አሳለፍኩበት። ጥሩ እየሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ሽታው እስኪመጣ ድረስ። ጨርቁን ስገልጥ የሸክላዋ መስመሮች ጨርቁ ላይ ታትመዋል፤ እሷ ላይ ግን የሉም። ቀጥ ብላለች፤ አልዋሽሽም፣ ከአርባ ዓመት ሥራዬ ሁሉ እንደሷ ቀጥ ያለ የለም። ድምፅ ብቻ ነው የሌላት።

ሰኞ ማለዳ ሸክላዋን ይዤ ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

«ምን አግኝቷት ነው?» አለ።

«ተኮስኳት።»

ሁለቱንም መነጽሮች አወለቀ። «ሰውዬ፣ ሸክላ አይተኮስም!»

ብዙም አልተቆጣኝም፤ ፊቴን አይቶ ይመስለኛል። እዚያው ሆኖ ለሚያውቃቸው ሻጮች ሁሉ ደወለ። ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ብቻ ያሳተማት ናትና ሌላ ቅጂ የሰማም ያየም የለም። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ሲባል በሌላ ሰው እስቅ ነበር።

ሽፋኗን ባዶውን ከሌሎቹ መሃል ከትቼ፣ መንገድ ላይ ጠፍታ ይሆናል ብዬ በሾፌሩ ላላክክ አሰብኩ። አዎ፣ አሰብኩ። ግን እንዲህ ያለውን ነገር በዝምታ አሳልፌ ስንት ዓመት ኖርኩ?

ሸክላዋ የወጣች ዕለት በተጋባን በአራተኛ ወራችን ነበር። ማጫወቻውን ከጎረቤት ተውሰሽ፣ ፊት ለፊቱ አንድ ወንበር አስቀምጠሽ ጠበቅሽኝ። እኔ የላውንደሪው እንፋሎት ጆሮዬ ውስጥ እየጮኸ ገባሁ። «እግሬን ልታጠብና» አልኩሽ። ታጠብኩና አልጋው ላይ ጋደም አልኩ። ስነቃ ነግቷል፤ ወንበሩም ቦታው ተመልሷል። ዳግመኛ ስማልኝ አላልሽኝም፤ እኔም ረሳችው ብዬ ተገላገልኩ። ኩሽና ውስጥ ስታንጎራጉሪ እንኳ «ዜናው አልሰማ አለኝ» የምል ሰው ነበርኩ። አንቺ ስትሄጂ «ከአንተ ጋር መኖር ከግድግዳ ጋር መኖር ነው» ስትዪኝ የተጣላነው በቧንቧው መስሎኝ ነበር። አሁን ገባኝ። በድዬሻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትዪኝ ይሆናል፤ በይኝ፣ ይገባኛል።

ሸክላዎቹን ለሾፌሩ አልሰጥም። እሱም እንደኔ አጋድሞ ጆንያ ይጭንባቸዋል። ቅዳሜ በማለዳው አውቶቡስ ራሴ ይዣቸው እመጣለሁ፤ ቁመው፣ በጉልበቶቼ መሃል። ውሃ ልኩንም ይዣለሁ። ጠረጴዛሽን አስተካክዬ፣ ቺንጋውን ገጥሜ፣ ክንዱን መዝኜ አስቀምጥልሻለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የተኮስኳትንም በዓይንሽ እንድታያት አመጣታለሁ። በሩን እህትሽ ብትከፍትልኝና አንቺ ከጓዳ ባትወጪም አልቀየምም፤ ሥራዬን ጨርሼ በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ እመለሳለሁ።

ለእህትሽ ጉልበቷን ያበርታላት። አንቺንም ከክፉ ይሰውርሽ፤ ጉሮሮሽን ብርድ አይንካብኝ። ያ ዘፈን ከትንፋሹ በኋላ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ከእንግዲህ ካንቺ በቀር የሚያውቀው የለም። ተቀመጥ ካልሽኝ እቀመጣለሁ።

የልጅሽ አባት