አባትሽ ሲሬ ላይ ያጨደው ስንዴ

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሰናይት አሰግድ፤
ጋምቤላ።

ልጄ ሰናይት፣ ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? እህል ይወርድልሻል ወይስ አሁንም እንባሽን ብቻ እየጠጣሽ ነው? ባለቤትሽ ይስሃቅ ደኅና ነው? ልጅሽ ኤልሮኢስ ትምህርቷን በርትታ ይዛለች? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ እሱንም ቢሆን ከአሰላ ብርድ ጋር አስታርቄው እኖራለሁ።

አባትሽ ሊያርፍ ሲል «እኔን አርሲ ላይ ማን ያስታውሰኛል» አለ ብለሽ በስልክ ያለቀስሽው እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ከአገሩ ከወጣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ መቃብሩም ጋምቤላ የሆነ ሰው፣ ድንኳን ተተክሎለት ወንበሩ ባዶ ቢቀርስ? የዕድራችን ዳኛ አቶ እንደሻው ትንሹ ድንኳን ይበቃል ቢሉኝ ከፋኝ፤ ግን እሺ አልኩ። ሲተክሉት ጠመመባቸው፤ አስነቅዬ እንደገና አስተከልኳቸው። ሐዘንም ቢሆን ቀጥ ብሎ ይቁም እንጂ!

የመጀመሪያው ቀን የመጡት ጎረቤቶቼ ብቻ ናቸው። ያለቀሱትም ለእኔ ብለው ነው፤ እሱንማ የት ያውቁታል። ኮምባይነሩ ላይ ተቀምጦ ሲስቅ የተነሣውን ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ አቁሜ፣ ሳየው ዋልኩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንድ አይሱዙ ሙሉ ሰው ከሲሬ መጥቶ ደጄ ላይ ተራገፈ። ሽማግሌው፣ ኮረዳው፣ ሕፃኑ፣ ምኑ ቅጡ! የሚመራቸው ዲሪባ የሚባል ጠጉሩ የሸበተ ገበሬ ነው። መርዶውን የሰማው ለገበያ ሲሬ ከወረደው ከጎረቤቴ ከባለሱቁ ከኸይሩ ነው አሉ። «አዴ ዘመናይ፣ ኦቦ አሰግድ ሞቶ ለእኛ እንዴት አይነግሩንም?» ብሎ ተቆጣኝ። እኔ ደግሞ ሰውየውን ከነመፈጠሩም አላውቀው!

ለካስ አባትሽ እዚህ ኮምባይነር ይነዳ በነበረ ጊዜ፣ የዲሪባን አባት ስንዴ ሊያጭድ ሲሬ ወርዶ ኖሯል። የዲሪባ አባትና የማሳ ጎረቤታቸው በድንበር ተጣልተው ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም ነበር። አባትሽ ታዲያ ያችን የተጣሉባትን ድንበር ስቶ የሁለቱንም ማሳ ከዳር እስከ ዳር አጨደና በኮምባይነሩ ሆድ ቀላቀለው! ሁለቱም ዱላ ይዘው ሲመጡ ከላይ ሆኖ «በሉ፣ የየራሳችሁን ፍሬ ልቀሙ» አላቸው አሉ። ምን ያድርጉ? ሽማግሌ ገብቶ እኩል ተካፈሉ፤ በዚያው ታረቁ። ከርሞ ዲሪባ የዚያን ጎረቤት ልጅ ናኢማን አገባ። ዲሪባ ከአይሱዙው የወረዱትን ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን እያሳየ «እነዚህ ሁሉ የኦቦ አሰግድ ስሕተት ናቸው» ቢል ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። የለቅሶ ቤት መሆኑን ረሳችሁት ወይ ብዬ ልቆጣ አፌን ብከፍት የራሴ ሳቅ ቀደመኝ።

አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልሽ አለኝ። አሰግድ እኮ ገና በልጅነቱም በሬ ሲጠምድ ትልሙ የማይጣመምበት ልጅ ነበር፤ እንዴት ድንበር ይስታል? ይህንኑ ስል ናኢማ ሰማችኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «እማማ፣ ስሕተት አይደለም። በአጨዳው ዋዜማ እርጎ ይዤለት ሄጄ የሆዴን ነግሬው ነበር። ዲሪባ እስከ ዛሬ አያውቅም» አለችኝና በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ አለቀስኩም።

በሦስተኛው ቀን ሲሬ በሙሉ ነቅሎ መጣ ብልሽ አላጋነንኩም። አቶ እንደሻው እየሮጡ ትልቁን ድንኳን አስመጡ።

ማሳው ዛሬም አንድ ነው፤ ድንበሩን መልሶ የተከለ የለም። አጨዳው ታኅሣሥ ላይ ነውና እነዲሪባ ከነቤተሰብሽ ነይ ብለውሻል። መጥተሽ በዓይንሽ እዪው፤ አባትሽን ማን እንደሚያስታውሰው ያኔ ራስሽ ትመልሺለታለሽ። የናኢማን ነገር ግን ዲሪባ ፊት እንዳታነሺ፤ አደራ።

ይስሃቅን አባትሽን ስላስታመመልሽ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ። ኤልሮኢን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ስትመጣ ጽሕፈቷን አያለሁና ትዘጋጅ። አባትሽን የቀበሩልኝን ጎረቤቶችሽንም በየደጃቸው እየዞርሽ አመስግኚልኝ።

አክስትሽ ዘመናይ
አሰላ፣ ኅዳር ፰ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.