«የእርሻ መሣሪያ» ብዬ የጻፍኩባቸውን ሣጥኖች ይመለከታል

ለክቡር የመከላከያ ሚኒስትር፤
ባሉበት፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የቢሮዎ መስኮቶች እንደኛዎቹ ሳይረግፉ ከነመስታወታቸው እንዲቆዩልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በድንበሩ ከተማ የሱቅና የመጋዘን ስም በቀለም እየጻፍኩ የማድር ሰው ነኝ። አምና ሰዎችዎ መጥተው፣ መንግሥታቸውን ለሚወጉ የጎረቤት አገር ታጣቂዎች በሚላኩት ሣጥኖች ላይ «የእርሻ መሣሪያ» ብዬ እንድጽፍ ሲያዙኝ፣ ውስጣቸው ጠመንጃ መሆኑን እያወቅሁ ጽፌያለሁ። ፈርቼ ነው፤ አልደብቅም።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ቋንቋችን ዶማውንም ጠመንጃውንም «መሣሪያ» ብሎ መጥራቱ ለአገር እንዲህ ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የጎረቤት መንግሥት ወታደሮች ሣጥኖቹን ማርከው ጽሑፌን እስኪያነቡ ድረስ ዘዴው ሠርቶልዎታል።

2. የጎረቤት መንግሥት ጦሩን ድንበር ላይ አስፍሮ፣ ማስታጠቁ ካልቆመ «የእርሻ መሣሪያ» የተባለውን ሁሉ በያለበት እመታለሁ ብሎ ሲያስጠነቅቅዎት፣ ጠመንጃዎቹን በሦስት ቀን ውስጥ ከከተማችን ስላሸሹ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ለእኛ ያልነገሩን በከንቱ እንዳንደናገጥ አስበው እንደሚሆን ይገባኛል። በከተማው የቀረው የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ብቻ ነበር፤ ዶማ፣ አካፋ፣ የውኃ ፓምፕ። በሩ ላይ «የእርሻ መሣሪያ መጋዘን» ብዬ የጻፍኩት ከዓመታት በፊት እኔው ነኝ። የመጋዘኑ ኃላፊ ታላቅ እህቴ ነበረች፤ የምጽፋት «መ» ቦርጭ አወጣች እያለች ትስቅብኝ ነበር። ጎረቤቶቻችንም ያችኑ ባለቦርጭ «መ» ከሣጥኖቹ ላይ ለይተው ያውቋት ኖሯል። አውሮፕላኖቹ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሲመጡ፣ እህቴ ለገበሬዎች የዶማ እጀታ እየመረጠች ታድል ነበር።

3. የሞት የምስክር ወረቀቷ ከመሥሪያ ቤትዎ በፍጥነት ስለደረሰን እናመሰግናለን። ሆኖም «የሞት ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «የመሣሪያ አያያዝ ጉድለት» ተብሎ ተጽፏል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋ አንድ አካፋ እንኳ አላጎደለችም። ልጇ ይህን ወረቀት ይዛ ነው የምታድገው። የምለምንዎ ይህችን አንድ መስመር እንዲያርሙልን ብቻ ነው። በእኔ በኩል፣ እሷን የገደላት የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያዘዘውንም አውቃለሁ።

የሰው አገር ሰው ከማስታጠቅ ፋታ ሲያገኙ እንዲያስቡን ደጅ እየጠናሁ፣ ከማያልቅ አክብሮትና ከማይለቅ ቀለም ጋር፣

ያዘዙትን ሁሉ ሲጽፍልዎ የኖረው የድንበሩ ከተማ ጽሑፍ ጻፊ

ማስታወሻ፦ አዲሶቹ ሣጥኖች ትናንት ደርሰውኛል። አሁን ደግሞ «የትምህርት መርጃ መሣሪያ» ተብሎ ይጻፍባቸው ማለትዎን ተረድቻለሁ። የእህቴ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ በትምህርት ቤቷም አንድ በር ላይ ይኸው ቃል በእኔው እጅ ተጽፏል። ስለዚህ ትእዛዝዎን በመጠኑ አሻሽዬ፣ ጎረቤቶቻችን ዳግመኛ እንዳይሳሳቱ፣ በየሣጥኑ ላይ የክቡርነትዎን ሙሉ ማዕረግ፣ የሕንፃዎን ቁጥርና ፎቅዎን በትልልቅ ፊደል ጽፌያለሁ። ሾፌሮቹ ሸራ አልብሰዋቸው ዛሬ ጠዋት ድንበሩን ተሻግረዋል።