ከሐይቁ ጀርባ ያለው ሰንሰለት

ሰኞ

«ቅዳሜ ጠዋት ኑ፣ ሰንሰለቱን እኔ እከፍትላችኋለሁ» አሉ ጋሽ ወልዴ በስልክ፣ በዚያ ቀስ ባለ እንግሊዝኛቸው። ዊተን ከተማ፣ በወይዘሮ ዘነበች ሱቅ ስልክ ሲያወሩ፣ ከሽሮው መደርደሪያ ጀርባ ቆሜ ነው የሰማሁት። ሌላ ትርጉም አልፈልግለትም። ያሉት ያሉትን ነው። ሽሮ ሳልገዛ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት ከሲልቨር ስፕሪንግም ከአሌክሳንድሪያም የተሰባሰብን አሥራ አንድ ቤተሰቦች፣ ሁለት ሰዓት ተነድቶ የሚደረስበት ትንሽ ሐይቅ ዳር ቦታ ከገዛን ሦስት ዓመታችን ነው። ለሳምንት መጨረሻ የሚሆኑ ትንንሽ የእንጨት ቤቶች ሠራን። ከቤቶቹ ጀርባ ወደ ጫካው የሚወጣ የአፈር መንገድ አለ። የአካባቢው ሰዎች በዚያ ላይ ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ ፎር ዊለር የሚሉትን፣ ይነዱበታል። ጩኸቱ ጥርስ ያንገጫግጫል። አቧራው የታጠበ ልብስ ላይ ያርፋል። ዓምና አንደኛው የኢንጂነር ታደሰን ጎመን ጨፈላልቆ አለፈ።

ሰንሰለት አሰርን። ሦስት ጊዜ ተከፍቶ አገኘነው። አልተቆረጠም። በቁልፍ ተከፍቶ፣ በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ ዛፉ ላይ ተሰቅሎ። ቁልፍ ያለን አራት ሰዎች ብቻ ነን። ከአራቱ አንዱ ጋሽ ወልዴ ናቸው።

ማክሰኞ

ለሊቀመንበራችን ለኢንጂነር ታደሰ ኮል አደረግኩለት። የሰማሁትን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ «ሰርጎ ገብ» አለ። ይህን ቃል ከሰማሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አልናፈቀኝም ነበር።

«በሰባ አንድ ዓመታቸው?» አልኩት።

«ማን ይጠረጥራቸዋል? ለዚህ እኮ ነው» አለ።

ሦስት ሰው በተሰበሰበበት አንዱ ሰላይ ነው ብሎ ያደገ ትውልድ ነን። እንዲህ ብዬ እየጻፍኩ ግን ጋሽ ወልዴን ከመጠርጠር አላረፍኩም።

እሑድ ስብሰባ ተጠርቷል። አጀንዳው አንድ ነው፦ ጋሽ ወልዴን ማስወጣት። በመተዳደሪያችን መሠረት የተባረረ አባል ቤቱን ለማኅበሩ አስረክቦ ይሄዳል። ያችን ቤት ከወለሏ እስከ ጣሪያዋ በእጃቸው ነው የሠሯት። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ልጃቸው ከታኮማ ፓርክ ዓርብ ታደርሳቸዋለች፣ እሑድ ትመልሳቸዋለች። ሌላ የሚሄዱበት የለም።

ማስረጃ ማዘጋጀት የጸሐፊው ሥራ ነው። ጸሐፊው እኔ ነኝ።

ረቡዕ

ማስረጃ።

አንድ፦ ከፎር ዊለረኞቹ ጋር ቆመው ሲያወሩ ታይተዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው።

ሁለት፦ እኛ ስለ ሞተሮቹ ስናማርር እሳቸው ውኃውን ያያሉ።

ሦስት፦ ከሰዎቹ አንድ ጠርሙስ ማር ተቀብለዋል። ግማሹን ለወይዘሮ ዘነበች ሰጥተዋል። «ታዲያ ተቀበልሽ?» ብላት «ማር እኮ ነው፣ ቦምብ መሰለህ?» አለችኝ። ይህንንም ጻፍኩ።

አራት፦ ስልኩ።

አምስተኛ ፈልጌ አጣሁ። አራት ይበቃል። ባነሰም ሰው ተባርሯል።

ሐሙስ

ታደሰ «መንገዱ የእኛ ነው የሚለውን ከውሉ አውጣልኝ» አለ። አወጣሁለት፤ አንቀጽ አምስት። ቦታው ከነመንገዱ የገዢዎች ነው።

የሽያጭ ውሉን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። የጠበቃ እንግሊዝኛ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ካላለ የተናገረ አይመስለውም፤ ስብ ስቡን ቆርጬ ጣልኩ። ሲነበብ ተጨበጨበልኝ። ሁሉም አማርኛውን አንብቦ እንግሊዝኛው ላይ ፈረመ። ጋሽ ወልዴ ብቻ፣ የድሮ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸውና፣ «ያልተነበበልኝን አልፈርምም» ብለው ለልጃቸው ሰጥተው እንግሊዝኛውን ሲያስነብቡ ሳምንት አስጠበቁን። ያኔ ግትርነት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ምን ፈልገው ይሆን እላለሁ።

ሥራ ቦታ ደህና ቀን። አሌክሳንድሪያ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነኝ። ዛሬ ከአንድ የሰርግ ጥሪ ላይ የሙሽራው ስም መዘለሉን ያገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ። አለቃዬ ምሳ ጋበዘኝ።

ዓርብ

ከሥራ ስመለስ የስልኬ መልእክት መቅጃ ቴፕ ላይ የጋሽ ወልዴ ድምፅ። «ልጄ፣ ወልዴ ነኝ። የውሉን እንግሊዝኛ ይዘህ ቅዳሜ ብትመጣ አብረን እናየው ነበር። ብቻህን ና።»

ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት። ቅዳሜ። ሰነዱን ይዤ። ብቻዬን። ከታደሰ ጋር ተማከርን፤ ወጥመድ ነው ተባባልን። መልሼ አልደወልኩም። ቅዳሜ ግን እንሄዳለን። ሁለታችን፣ ያለ ሰነድ።

ቅዳሜ

ከእንጨት ክምር ጀርባ ተደበቅን፤ ሁለት ሽበታም ሰዎች። የታደሰ ጉልበት ሲንቋቋ ወፍ በረረ።

ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ወልዴ መጡ። ከረባት አስረዋል። ቁልፉን ከፈቱ፣ ሰንሰለቱን ጠቅልለው ዛፉ ላይ ሰቀሉ። አምስት ፎር ዊለር በዝግታ ወጣ። የታርጋ ቁጥር ልጽፍ ደብተሬን አወጣሁ። ታርጋ የላቸውም። ደብተሬን መለስኩ።

አንደኛው ትንሽ ጋሪ ይጎትታል፦ የሣር ማጨጃ፣ ሬክ፣ አበባ። ሌላኛው ላይ ከኋላ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፤ የክት ልብስ ለብሰው፣ ሄልሜት ደፍተው። ጋሽ ወልዴ በእግር ተከተሉ። እኛም እየተጎነበስን ተከተልን።

ጫካው ውስጥ መቃብር አለ። ስማቸው የደበዘዘ አሥር የሚሆኑ ድንጋዮች። ሦስት ዓመት ስንመላለስ እስከዚያ የወጣ የለም። ሰዎቹ ሣሩን አጨዱ። አሮጊቷ አበባ አኖሩ። ጋሽ ወልዴ ሬኩን ተቀብለው ቅጠል ሰበሰቡ።

«ለታይታ ነው» አለ ታደሰ በሹክሹክታ።

«ማን ያየናል ብለው?»

«እኛ።»

 ሲመለሱ ሁለቱ ወጣቶች ሞተሩን አስጩኸው እየተሽቀዳደሙ ወረዱ፤ አቧራውን ጠጣን። «አየህ?» አለ ታደሰ። የተደሰተ ይመስል ነበር።

እሑድ

ስብሰባው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታደሰ የሚኖርበት ሕንፃ አዳራሽ። አራቱን ነጥብ አነበብኩ። መቃብሩንም ጨመርኩ፤ አለመጨመር ነውር መሰለኝ።

«መቃብር ከሆነማ እንዴት ይዘጋል?» አለች ወይዘሮ ዘነበች።

«እናዝናለን፤ ግን ሐዘን ሌላ፣ ሕግ ሌላ። መንገዱ የእኛ ነው፤ አንቀጽ አምስት» አለ ታደሰ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ራሴን ነቀነቅኩ።

«ጋሼ፣ ምነው ሳይነግሩን?» አልኳቸው።

«ሰንሰለቱ ሲወሰን ተናግሬያለሁ። መንገዱ አይዘጋም ብያለሁ። ቃለ ጉባኤውን እየው።»

አየሁት። በእኔ እጅ ጽሑፍ «ጋሽ ወልዴ አስተያየት ሰጥተዋል» ይላል።

ስድስት ለአራት ተወሰነ። ከስድስቱ እጆች አንዱ የእኔ ነው። ጋሽ ወልዴ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ልጃቸው ውጭ መኪና ውስጥ ትጠብቃለች። በር ድረስ ሸኘኋቸው።

«በሰው ፊት ልልህ አልፈለግኩም» አሉኝ። «አማርኛህ ያምራል። ግን አሥራ ሦስት አንቀጽ ነው። እንግሊዝኛው አሥራ አራት ነው።»

«እና እዚያ ውስጥ እያሉ ዝም አሉ? ቤትዎ እኮ ነው።»

«ያንተስ ስም?» አሉና ባርኔጣቸውን ደፉ።

ቤቴ ገባሁ። ፋይሉን አወጣሁ። ታደሰ ቴፕ ላይ መልእክት ትቷል፦ ቃለ ጉባኤውን ነገ ፋክስ አድርግልኝ።

የእንግሊዝኛው አንቀጽ ዘጠኝ ወደ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ ለአካባቢው ነባር ቤተሰቦች፣ በእግርም በጎማም፣ ለዘላለም ክፍት ይሆናል ይላል። ሦስት ጊዜ ነው የሚለው።

በእኔ አማርኛ አንቀጽ ዘጠኝ ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ነው።