ደረጃው ላይ የሣሏት ልጄ

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽ የዘንድሮውን ዝናብ ቻለው? የባልሽ ሳልስ ለቀቀው? እኛ፣ መኖር ከተባለ፣ አለን።

«ቫልፓራይሶን ተዉትና እኛ ጋ ኑ» ያልሽው ደርሶኛል። እግዜር ይስጥሽ። ግን አንመጣም፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

ልጄ ኢስሜኒያ በመጋቢት ያን ቀን የወጣችው ለሥራዋ ነበር። ግድግዳ ላይ ለምትሥለው ሥዕል የገደሉን ድንጋይ ቀለም በዓይኔ ልየው ብላ፣ ከላጉና ቬርዴ መንደር ተነስቶ በባሕሩ አፋፍ የሚሄደውን የእግር መንገድ ብቻዋን ያዘች። «ጭጋግ ይወርዳል፣ ነገ ሂጂ» ብላት፣ «አንቺ ደግሞ ጭጋግ ባየሽ ቁጥር አልጋ ሥር ልትገቢ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ጭጋጉ ወረደ፤ ልጄ አልተመለሰችም። ጀልባዎቹም ፈልገው ፈልገው ተዉት።

ጓደኞቿ ከቤታችን ሥር ባለው ደረጃ፣ ግድግዳው ላይ መልኳን ሣሉት። አሳምረውታል፤ አፍንጫዋን ግን አቃንተውባታል። አብሯት ይሠራ የነበረውን ራሚሮን፣ «የኔ ልጅ አፍንጫ እኮ ጎበጥ ያለ ነው» ብለው፣ «እማማ፣ እያለቀስኩ ነው የሣልኩት፣ እጄ ከየት ይስተካከል» አለኝ። አፈርኩ። አሁን ዳቦ ልገዛ ስወርድ ቱሪስቶች አጠገቧ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። በቀደም አንዷ፣ «ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አለችኝ። ፈቀቅ አልኩላት።

ባሌ ኦስባልዶ እሁድ እሁድ ያንኑ መንገድ ይሄዳል፤ ቁጥቋጦውን በዱላ እየገለጠ ይፈልጋታል። ጎረቤቴ ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣ «ሰውዬሽ በስተርጅና ፍየል ሆነ እኮ» ትለኛለች። ሲመለስ፣ ጫማውን እየፈታ፣ «እስከ ትልቁ ዋሻ አልደረስኩም፤ በሚቀጥለው» ይላል። እኔም ሾርባውን አቀርብለታለሁ።

ባለፈው ሳምንት የጀርባ ቦርሳውን ላጥብለት ብዬ ገለበጥኩት። በውስጠኛው ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። መስቀሏ ነበር፤ ገላዋን ስትታጠብ እንኳ ከአንገቷ የማታወልቀው። ጨው በልቶታል። ጋዜጣውን አየሁት፤ የሚያዝያ ነው። አሁን መስከረም ነው፣ እህት ዓለሜ፤ ይህን ሁሉ እሁድ ታዲያ ምን ሲፈልግ ነበር?

እንደነበረ ጠቅልዬ መለስኩት። ቦርሳውንም ሳላጥበው ቀረሁ።

ትናንት እሁድ ማለዳ ዳቦና አይብ ቋጠርኩለት። «ዛሬ እስከ ትልቁ ዋሻ ድረስ ሂድ፣ ማን ያውቃል» አልኩት። ዓይኔን ሳያይ፣ «ዛሬስ እደርሳለሁ» አለኝ። ዱላውን አቀብዬ፣ መንገዱ መታጠፊያ ላይ እስኪሰወር በር ላይ ቆምኩ።

እናንተ ጋ ብንመጣ፣ እሁድ ሲነጋ ምን እንባባላለን?

ጌታ ልጆችሽን ከዓይንሽ አያርቅብሽ። እርጅናሽን በደጅሽ፣ በወገንሽ መሐል ያድርግልሽ። ለኦስባልዶ ለብቻው ስትጽፊለት፣ መስቀሉን ሳታነሺ፣ እኔ ደህና እንደሆንኩና ተስፋ እንዳልቆረጥኩ ንገሪው።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ